የሸረሪቷ ዜግነት

በእኛ ቤት ሸረሪት ስትገኝ መጀመሪያ የሚጮኸው ሰው ነው፤ ቀጥሎ የሚጮኸው ቴሌግራም ነው።

ጳጉሜን ነበር። ጳጉሜን አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መጥረጊያ ታስሮ ኮርኒስ የሚጠረግበት፣ ቡፌው ከግድግዳ ሲላቀቅ ከጀርባው የጠፋ የጆሮ ጌጥና ማንም የእኔ ነው የማይለው ካልሲ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ የሠርጋችንን ፎቶ ልትወለውል ከሚስማሩ ላይ አወረደችው። ሙሽሮቹ ሲነሡ ከኋላቸው ስትኖር የነበረችው ተገለጠች፤ ግራጫ ቡናማ፣ በካውያ የተተኮሰች እስክትመስል ድረስ ጠፍጣፋ፣ እግሮቿን ግራና ቀኝ የዘረጋች፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምትሞላ ሸረሪት። ፎቶው ላይ ካለነው ሁለት ሰዎች ጋር ስትነጻጸር ወገቧን የጠበቀችው እሷ ነበረች።

ድሮ ቢሆን ነጠላ ጫማ ይነሣ ነበር። ዘንድሮ የሚነሣው ስልክ ነው። ባለቤቴ ከበሩ ሳትርቅ፣ እጇን ብቻ አስረዝማ፣ ፎቶ አነሣችና «ይቺ መርዛማ ናት?» የሚል ጽሑፍ ጨምራ «ቤተ ዘመድ» ወደሚባለው የቴሌግራም ግሩፓችን ለቀቀችው። ይህ ግሩፕ ለቅሶና ሠርግ የሚነገርበት፣ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት የሚታዘዝበት፣ በየማለዳው አበባ ያለው የ«እንዴት አደራችሁ» ሥዕል የሚለጠፍበት ነው። ስለ ሸረሪት የሚያውቅ ሰው ያለበት መሆኑን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር። ለካ ሁሉም ያውቃል።

የዳላሷ የአጎቴ ልጅ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበረች ቀድማ ደረሰች። «ብራውን ሪክሉስ ናት! እንዳትነኳት! ሥጋ ታበሰብሳለች!» አለችና፣ ቁርስ ያልበላ ሰው ሊያየው የማይገባ የቁስል ፎቶ አስከተለች። አልፈርድባትም። ቴክሳስ ውስጥ ይህች ሸረሪት በእርግጥ አለች። ከነብራስካ ደቡብ አንሥቶ በካንሳስና በሚዙሪ አልፎ እስከ ቴክሳስ የሚዘልቀው የአሜሪካ መካከለኛ ምድር አገሯ ነው። ካርቶን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ያልተጫማ ጫማ ውስጥ ትደበቃለች፤ ንክሻዋም አንዳንዴ ቆዳ ይገድላል። ጀርባዋ ላይ የቫዮሊን ምልክት አለ ይባላል። እኛ ሰፈር ብትኖር ማሲንቆ ይባል ነበር። ችግሩ፣ በፈራ ሰው ዓይን ሲታይ ማሲንቆ ያልተሸከመ ሸረሪት የለም። ስለዚህ የሸረሪት አዋቂዎች ጀርባዋን ተዉት፣ ፊቷን እዩ ይላሉ። አብዛኞቹ ሸረሪቶች 8 ዓይን አላቸው፤ ሪክሉስ ግን ያላት 6 ነው፣ እነሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ቦታ የተቀመጡ። እግሮቿ ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው፣ ዥንጉርጉር የሌለባቸው ናቸው። የእኛዋ እግር በደበዘዘው ፎቶ ላይ እንኳ ቀለበት ቀለበት እንዳለው ይታያል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የሠራ ሪክ ቬተር የሚባል የሸረሪት ተመራማሪ አለ። ሰዉ ሁሉ «ሪክሉስ አገኘሁ» ሲል ቢያስቸግረው፣ እንግዲያውስ ላኩልኝ አለና ከመላ አሜሪካ ሸረሪት በፖስታ ተቀበለ። ከሪክሉስ አገር ውጭ ካሉ ግዛቶች የመጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሌላ ሸረሪቶች ሆነው ተገኙ። ይኸው ሰው ከባልደረባው ጋር ያጠናው አንድ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ካንሳስ ውስጥ ሌኔክሳ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አሮጌ ቤት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በስድስት ወር ውስጥ ከዚያ ቤት 2,055 እውነተኛ ሪክሉስ ተለቀመ። ቤተሰቡ ዓመታት ኖሮበታል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስንቱ ተነከሰ? ማንም። ይህን ለአጎቴ ልጅ ጽፌላት ነበር። «ታዲያ ለምን ከዚያ ቤት አይወጡም?» ብላ መለሰች። ቤተ ዘመድ ከቁጥር የሚጨብጠው ሁልጊዜ እኔ ያላሰብኩትን ጫፍ ነው።

የሜልቦርኑ ታናሽ ወንድሜ በኩራት ገባ። አውስትራሊያ የሄደ ሐበሻ ስለ ሸረሪት ሲያወራ፣ ገጠር ያደገ ሰው ስለ ጅብ እንደሚያወራው ነው፤ ገዳይነቷን ሲናገር ድምፁ ውስጥ የባለቤትነት ስሜት አለ። «ፈነል ዌብ ትመስለኛለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የምትገድለው» አለ። ስለ መርዙ ኃይለኝነት አልዋሸም። ግን ያቺ ሸረሪት የሲድኒና የአካባቢዋ ነዋሪ ናት፤ ሜልቦርን ደግሞ ከሲድኒ በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ማርከሻውን የሠሩት ግን ሜልቦርን ባለው የመድኃኒት ላቦራቶሪ ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህም በዚህች ሸረሪት ሰው መሞቱ አልተመዘገበም። ወንድሜ የሚኮራባት ሸረሪት የሌላ ከተማ ሸረሪት ናት፤ የእሱ ከተማ ድርሻ መድኃኒቱ ነበር። በመድኃኒት የሚኮራ ግን አይቼ አላውቅም።

ሪያድ ያለችው እህቴ ጽሑፍ አላባከነችም፤ አንድ ወታደር የጨበጣትን፣ ክንድ የምታህል የምትመስል የግመል ሸረሪት ፎቶ ላከች። የግመል ሸረሪት ሸረሪት አይደለችም፤ የሩቅ ዘመድ ናት። መርዝም የላትም። ያቺ ፎቶ ትልቅ ያስመሰላት ለካሜራው ቅርብ መሆኗ ነው። ከኢራቅ ጦርነት ጀምሮ ስትዞር የኖረች ፎቶ ናትና እኛ ቤት መድረሷም የሚጠበቅ ነው።

ከሁሉ ቁም ነገር ያላት የባለቤቴ አብሮ አደግ ሆነች፤ ከጎንደር ወደ እስራኤል ሄዳ አሽዶድ የምትኖር። እሷ አልፈረደችም፤ ጠየቀች። «ሆዷ ሥር ቀይ ነገር አለ?» እዚያ አገር ጥቁሯ መበለት የምትባለዋ አለች፤ ቡናማዋ መበለትም ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ተስፋፍታለች። ሁለቱም ሆዳቸው ሥር የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ይሸከማሉ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ወደ ብርቱካን የሚያደላ። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን የሸረሪት ሆድ ለማየት ሸረሪት መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ማን ይገልብጥ? ደግነቱ መገልበጥም አላስፈለገም። መበለቶቹ የተዘበራረቀ ድር ሠርተው፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጠልጥለው ነው የሚውሉት። የእኛዋ ድርም የላት፣ አልተንጠለጠለችም፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ፎቶ ስትነሣ ንቅንቅ አላለችም።

አጎቴ እንደ ልማዳቸው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ጻፉ። ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁላችንም ልብ ላክንላቸው።

እንግዲህ ቡናው ሳይፈላ ሸረሪቷ የአሜሪካ፣ የአውስትራሊያና የእስራኤል ዜግነት፣ የሳዑዲ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ አገኘች። እኔ በየዓመቱ ዲቪ እየሞላሁ አንዱንም አላገኘሁም። ልብ ብዬ ሳየው ግን ከአሽዶዷ በቀር ፎቶውን አጉልቶ የተመለከተ አልነበረም። ሁሉም ያየው የሚኖርበትን አገር ፍርሃት ነው።

የአገር ውስጡም ፍርሃት ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። አማቴ ለበዓሉ ከመጡ ሰንብተዋል። ስልክ አይነኩም፤ አያስፈልጋቸውም። ወደ ግድግዳው አንዴ አየት አድርገው፣ «መንከሷን ተዉት። ሸንታባችሁ እንደሆነ ነው ጉዱ» አሉ።

ይህን ያልሰማ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲነጋ ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ ቢገኝ «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው» ይባላል፤ በጎን በኩል እንደ መቀነት የሚያቃጥል ሽፍታ ቢወርድም ስሟ ይነሣል። አማቴ ማስረጃ አላቸው። «የእህቴ ልጅ በሠርጓ ሳምንት አይደል እንዴ ከንፈሯ ላይ የሸናችባት? ቬሏን ለብሳ አፏን በመሐረብ ሸፍና ነው የተዳረችው።» ሌላም አለ። የሰፈራቸው ልጅ የማትሪክ ፈተና ዋዜማ ተሸንቶበታል። አንድ ዘመድ ደግሞ ከከባድ ሕመም አገግመው ሳይጨርሱ።

እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ ዳኛ ተከሳሿን ከመስቀሉ በፊት ትንሽ ማሰብ አለበት። ይህች ሸረሪት የሠርግ ቀጠሮ ከየት ታውቃለች? የማትሪክ ፕሮግራም ማን ነገራት? ሠርግ፣ ፈተና፣ ሕመም፣ ሰው የሚጨነቅበትና የሚደክምበት ወቅት ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ነገር ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ ባለቤቱ ሲጨነቅ ወይም ሲታመም ይነሣል። በጎን የሚወርደውና አልማዝ ባለጭራ የምንለው ደግሞ የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ጉድፉ ከዳነ ከብዙ ዓመት በኋላ ከተደበቀበት ነርቭ ወጥቶ፣ የነርቩን መስመር ተከትሎ በአንድ ወገን ብቻ ይወርዳል። መድኃኒት አለው። ሽፍታው በታየ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ለደረሰ በደንብ ይሠራል፤ ፊት ላይ ወጥቶ ወደ ዓይን ከተጠጋ ደግሞ ሰዓትም አይሰጥም። እኛ ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ አልጋ ሥር ሸረሪት ስናድን እንገኛለን።

ሸረሪት እኛ በምናውቀው መልክ ሽንትም የላትም። የምታስወጣው ነጭ፣ ወፈር ያለ ጠብታ ነው፤ ግድግዳ ያቆሽሻል እንጂ ቆዳ አያቃጥልም። ሌሊት ሰው ሳያውቀው አንገቱን የሚያቃጥል ነገር በእርግጥ አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ የሚሏት ቀይና ጥቁር ቀጭን ጥንዚዛ ናት። አትናከስም። ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ግን ፈሳሿ ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም ወዲያው ሳይሆን ቆየት ብሎ ስለሚወጣ፣ ያኔ ጥንዚዛዋ የለችም፣ ኮርኒሱ ላይ ያለችው ሸረሪት ግን አለች። ወንጀለኛው አምልጦ፣ በቦታው የተገኘው ይታሰራል።

ለአማቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። አማት ፊት ስለ ሽንት ረጅም ማብራሪያ አይሰጥም። ለዳላሷ የአጎቴ ልጅ ግን የጻፍኩላት አለ። አሜሪካም ሐኪም ቤት «ሸረሪት ነክሶኝ ነው» ተብሎ የሚቀርበው ቁስል ብዙ ጊዜ ሲመረመር መድኃኒት የለመደ ስታፍ ባክቴሪያ ሆኖ ይገኛል፤ ሸረሪቷን ያየ የለም። እዚያ ንክሻዋን ይከሳሉ፣ እዚህ ሽንቷን። ከፊት ይዘው እነሱ፣ ከኋላ ይዘን እኛ።

ጩኸቱን ሰምተው ከታችኛው ፎቅ ሐጂ መጡ። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ የአንዱ ሸረሪት የሁሉም ነው። ባለቤቴ እዚህ ላይ ነጠላ ጫማ አንሥታ ነበር።

«ልጄ፣ እንዳትገድያት» አሉ።

«መርዛማ ብትሆንስ ሐጂ?»

«እሷ ባለውለታ ናት።» ከዚያም የሚያውቁትን ተረኩልን። ነቢዩ ሙሐመድ ከአቡበክር ጋር ከመካ ሲሰደዱ ሠውር ዋሻ ገብተው ሲሸሸጉ፣ ሸረሪት የዋሻውን አፍ በድር እንደዘጋችና አሳዳጆቹ ድሩን አይተው ሰው አልገባበትም ብለው እንዳለፉ። ቁርኣን ውስጥም 29ኛው ምዕራፍ በስሟ እንደሚጠራ ጨመሩ።

«ይቺ ግን ድር አትሠራም እኮ ሐጂ» አለች ባለቤቴ፣ ጫማውን ሳታወርድ።

ሐጂ ግድግዳውን ትንሽ አዩ። «ዘመዷ ትሆናለች» አሉ። «በዘመድ ውለታም ይታለፋል።»

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ሐጂ እውነታቸውን ነው» አሉ። ሽንቷን የረሱላት ግን አይመስለኝም፤ ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳብ አድርገዋል።

ስለዚህ በብርጭቆ መያዝ ሆነ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብርጭቆ ትደፋባታለህ፣ በግድግዳውና በብርጭቆው መካከል ጠንካራ ወረቀት ታሾልካለህ። ጠንካራ ወረቀት የጠፋበት ሐበሻ ቤት የለም። መሳቢያው በሠርግ መጥሪያ ካርድ የተሞላ ነው፤ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን፣ ወፍራሙን መረጥኩ። ብርጭቆውን አስጠጋሁ። ሸረሪቷ የለችም። ዞር ስል የኮርኒሱ ጥግ ላይ ናት። መቼ ሄደች? ማንም አላየም። ኋላ እንዳነበብኩት በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት የእሷን ወገኖች በፈጣን ካሜራ ቀርጿቸዋል። ከኋላቸው ለሚመጣ ነፍሳት ዞረው ለመያዝ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ይበቃቸዋል፤ በእግር ከሚዞሩ እንስሳት ሁሉ በዚህ የሚስተካከላቸው አልተገኘም። እኔ ደግሞ የጀርባ ሕመም ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ውድድሩ ፍትሐዊ አልነበረም።

በመጨረሻ የያዘቻት ልጃችን ናት። አልቸኮለችም፤ መብራት አጥፍታ፣ ቆይታ፣ ቀስ ብላ ከፊት ለፊቷ ደፋችባት። ከዚያ የስልኳን ካሜራ ከብርጭቆው አስጠግታ ፊቷን አነሣችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸረሪቷን ያየነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። 6 ዓይኖች በአንድ ረድፍ ከፊት ተደርድረዋል፤ 2 ደግሞ ከጎንና ከጎን ወደ ኋላ ፈንጠር ብለዋል። ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር የለም። የሴሌኖፕስ ወገን ናት፤ ጠፍጣፋነቷ፣ ወደ ጎን የተዘረጉት እግሮቿ፣ ድር አለመሥራቷ፣ ከፎቶ ጀርባ መኖሯ ሁሉ የዚያ ነው። አፍሪካ ውስጥ በብዙ አገር የሰው ቤት ግድግዳ ላይ የምትገኝ፣ ሌሊት እየወጣች ነፍሳት የምታድን ናት። መርዝ አላት? አላት። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ስም የተሰጣቸው የሸረሪት ዝርያዎች 50,000 ሲሞሉ፣ መርዝ የሌላቸው ከእነዚያ ውስጥ በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ጥያቄው መርዝ አላት ወይ አይደለም፤ መርዟ ሰውን ይጎዳል ወይ ነው። በእርግጥ የሚጎዱን ሸረሪቶች በጣት በሚቆጠሩ ወገኖች ውስጥ ናቸው፤ ሴሌኖፕስ ከእነሱ አይደለችም።

ውጤቱን ከነፎቶው ለቤተ ዘመድ ላክን። ግሩፑ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማውቀው ለቅሶ ሊረዳ ሲታሰብ ነው። ሰው አደጋ ሊያካፍለን መጥቶ ሰላም ስናቀብለው ቅር አለው። በመጨረሻ የዳላሷ «ለማንኛውም ከቤት ውጡና ፍሊት ይነፋ» ብላ ጻፈች፤ ወንድሜም «እኛ ጋ ብትሆን ኖሮ» ብሎ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ተወ። ከዚያ ጡረታ የወጡት ነርስ አክስቴ፣ ጠዋቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆይተው ስልካቸውን ገና መክፈታቸው ነው፣ ገቡ።

«ነክሳችኋለች?»

«አልነከሰችም እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

ብትነክስስ አልናቸው፣ ይህን ያህል ከደከምን አይቀር። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበታል፤ በምላጭ አይበጣም፣ አይመጠጥም። ሕመሙ እየሰፋ ጡንቻ ከጨመደደ፣ ላብና ማስመለስ ከመጣ፣ ወይም ቁስሉ እየጠቆረ ከሄደ ወደ ሐኪም፤ ከተቻለ ሸረሪቷን ይዞ፣ ሙትም ብትሆን። «የሸሸችን ሸረሪት መርምሬ አላውቅም» ብለው ዘጉት።

ሐጂ ሸረሪቷን በብርጭቆ ይዘው ወረዱና ከግቢው አጥር ድንጋይ መካከል ለቀቋት። ፎቶው ተወልውሎ ወደ ሚስማሩ ሊመለስ ሲል፣ አማቴ ግድግዳው ላይ አንዲት ነጭ፣ ክብ፣ ወረቀት የመሰለች ነገር አዩ። ቀለሙ ተልጦ መስሏቸው በጥፍራቸው ሊፍቁት እጃቸውን ዘረጉ።

«እማማ፣ እንዳይነኩት!» አለች ልጄ። «እንቁላሏ ነው። እዚያ ውስጥ ነው የምትጥለው።»

አማቴ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። «ስንት ይሆናሉ?»

ልጄ ከስልኳ አንብባ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እናቷ ስልኩን ቀማቻት።